ደብተሩ ይቅደም፦ ጎንደር ላሉ ትንንሽ ክለቦች የታዳጊ ሥልጠና ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳ የተባለ ሁሉ በልጅ ይሞላል። ሜዳ ያልተባለውም ይሞላል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ስለዚህ ልጆች ያገኙትን ደልዳላ ቦታ አይለቁም። ሁለት ድንጋይ ካለ ጎል አለ። የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ፣ ዐፄዎቹ የምንላቸው፣ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከማራኪ እስከ አዘዞ ያለ ልጅ ሁሉ ራሱን ከዐፄዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ፍቅሩ አለ፣ ችሎታውም አለ። የጎደለው ልጁን ከ12 ዓመቱ እስከ 18 ዓመቱ ሳይጥል የሚይዘው ቤት ነው።

እኔ ለዓመታት የሰፈር ፕሮጀክት፣ ማለትም የሰፈር ታዳጊዎች ቡድን፣ አሠልጥኛለሁ። ኳስ ጠፍቶብን ያውቃል። ማሊያም አጥሮን ያውቃል። እነዚህ ግን ተፈልገው ይገኛሉ። ሳገኘው በጣም የጠቀመኝ፣ ሳይኖረኝ ደግሞ ብዙ ልጅ ያሳጣኝ ነገር አንድ ደብተር ነው። ይህ መመሪያ ከዚያ ይነሳል። የሰፈር ፕሮጀክት ለምትይዙ፣ ለስፖርት መምህራን፣ ታች ሊግ ላይ ላሉ ክለቦች አመራሮች የተጻፈ ነው።

1. መጀመሪያ ደብተሩን ክፈቱ

ወፍራም፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ገጽ ስጡት። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የወላጅ ስልክ፣ ትምህርት ቤቱና ፈረቃው፣ የሚቀለው እግር፣ ቁመቱ፣ የመጣበትና የቀረበት ቀን፣ በጨዋታ የገባበት ደቂቃ፣ የተጎዳበት ቀንና ቦታ። ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራ ይመስላል። ከሁለት ወር በኋላ ያለሱ መሥራት ያቅታችኋል።

የትውልድ ቀን ላይ ቆም በሉ። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የዕድሜ ምድብ የሚቆጠረው በፈረንጆች ዓመት ነው። እኛ ጋ ደግሞ አንዳንዱ ዝም ብሎ 8 ይደምራል፣ አንዳንዱ 7። በመስከረም 2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች 2010 ነው። በየካቲት 2003 ዓ.ም. የተወለደው ግን 2011 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ 8። ሁለት ልጆች በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ተወልደው በሁለት የተለያየ የዕድሜ ምድብ ሊመደቡ ይችላሉ ማለት ነው። ደብተሩ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ።

የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ካለ ወላጁን ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላኩ። የክትባት ካርድ ወይም የክርስትና ካርድ ካለው ፎቶ አንሱት። ዛሬ ነገ ስትሉ ልጁ 16 ይሞላዋል፤ ያኔ የሚወጣ ወረቀት ጥያቄ ያስነሳል።

ዕድሜ ቀንሱ የሚላችሁ ሰው ይመጣል። አትስሙት። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ አጥንት ኤምአርአይ በሚባለው የሕክምና ምስል ማንሻ ያስመረምራል። አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ ከምድቡ በላይ ነው ተብሎ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዕድሜ ስትቀንሱ የምትበድሉት ከጎኑ የተሰለፈውን እውነተኛ የ14 ዓመት ልጅ ነው። የእሱን ቦታ ነው የወሰዳችሁት።

2. ምልመላ በአንድ ቀን አይሆንም

የተለመደውን ታውቁታላችሁ። ማስታወቂያ ይለጠፋል። ቅዳሜ ጠዋት 80 ልጅ ይመጣል። በ11 በ11 እየተከፈሉ ለ15 ደቂቃ ይጫወታሉ። አሠልጣኙ ዳር ቆሞ በጣቱ ይጠራል፤ "አንተ፣ አንተ፣ አንተ ረጅሙ።" በዚህ መንገድ የሚመረጠው ቀድሞ ያደገው ልጅ ነው። ቁመት ያለው፣ ኳሱን ርቆ የሚመታ፣ ጓደኛውን ገፍቶ የሚያልፍ።

እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። አንድ ልጅ ነበር፣ 13 ዓመቱ፣ ማሊያው ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ። ኳስ ሲመጣለት ቀድሞ ትከሻውን ዞር አድርጎ ኋላውን ያይ ነበር። ይህን አይቻለሁ። ግን በትልልቆቹ ስለተገፋ ቀነስኩት። ከሦስት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። እኔን በቁመት ይበልጠኛል። ኳስ ትቶ ነበር። "ያን ቀን ነው የተውኩት ጋሼ" አለኝ፣ ምንም ቂም ሳይኖረው። እስካሁን አልወጣልኝም። ከዚያ በኋላ ማንንም ልጅ በአንድ ቀን ቀንሼ አላውቅም።

አሁን የምመክረው ይህን ነው። የመጡትን ሁሉ ለአራት ሳምንት ተቀበሉ። በሳምንት ሁለት ቀን በ4 ለ4 አጫውቷቸው። በየቀኑ ቡድኑን አቀያይሩ። እናንተ አትጩኹ፣ ብቻ እዩና ጻፉ። ኳስ ሳይደርሰው በፊት ቀና ብሎ ያያል? ኳስ ሲነጠቅ ይቆማል ወይስ ይከተላል? የነገራችሁትን በሚቀጥለው ቀን ሞክሮታል? ጓደኛው ሲሳሳት ምን ይላል? የመጣው ሮጦ ነው ወይስ ተጎትቶ? ፍጥነትና ቁመት በመጨረሻ የሚታዩ ናቸው፤ እነሱ ገና ይለወጣሉ።

ሌላም አለ። በአውሮፓ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው፤ በምድቡ ዓመት መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች አካዳሚዎችን ይሞላሉ፣ መጨረሻ ላይ የተወለዱት ይመናመናሉ። በ12 ዓመት የ11 ወር ልዩነት ትልቅ ነው። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ደብተሩ ላይ የተወለደበትን ወር ተመልከቱ። ያ ልጅ ደካማ ነው ወይስ ገና ነው?

ስንት ልጅ ትያዙ? አንድ አሠልጣኝና አንድ ረዳት ካላችሁ ከ24 አይለፍ። ለሌሎቹ በር አትዝጉ። በየስድስት ወሩ እንደገና እንዲመጡ ቀን ቆርጣችሁ ንገሯቸው፣ ቀኑንም ጠብቁ።

3. ሜዳና ዕቃ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሙሉ ሜዳ አያስፈልጋችሁም። 30 በ20 ሜትር ደልዳላ ቦታ ለ8 ልጅ ይበቃል። ድንጋዩን አንሱ፣ ጠርሙስ ስባሪውን ልቀሙ፤ ይህን ከልጆቹ ጋር አድርጉት። ጎል ከባሕር ዛፍ አጣና ይሠራል። ኮን ከሌለ የሃይላንድ ጠርሙስ አሸዋ ሞልታችሁ አቁሙ። ሁለት ቀለም ካናቴራ ቡድን ለመለየት ይበቃል።

ገንዘብ ካገኛችሁ መጀመሪያ ኳስ ግዙ፣ ማሊያ ሳይሆን። ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ ጥሩ ነው። ከ8 እስከ 12 ዓመት ቁጥር 4 ተጠቀሙ፤ ክብደቱ ከ350 እስከ 390 ግራም ነው። ቁጥር 5 ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ ለትንሽ እግር ይከብዳል። የተቀደደ ኳስ አትጣሉ፣ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱት።

ስለ ታኬታ አትጨነቁ። በአይቮሪ ኮስት የአሴክ ሚሞሳ ክለብ አካዳሚ በፈረንሳዊው አሠልጣኝ ዣን ማርክ ጊዩ ሲመሠረት ልጆቹ በባዶ እግራቸው ይሠለጥኑ ነበር። ጊዩ ይህን ያደረገው አስቦበት ነው፤ ኳሱን በእግራቸው እንዲያውቁት። በ1999 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ሱፐር ካፕ በአካዳሚው ልጆች የተሞላው አሴክ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ኮሎ ቱሬና ያያ ቱሬ ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። ሜዳችሁ ንጹሕ ከሆነ በባዶ እግር የሚጫወት ልጅ ምንም አይጎድልበትም። ታኬታ ያለውና የሌለው በአንድ ላይ ሲጋጠሙ ግን የሌለው ይጎዳል። ያን ቀን ሁሉም ያውልቅ።

4. የአንድ ቀን ሥልጠና ከቅርብ ሲታይ

በሳምንት ሦስት ቀን ሥልጠና፣ አንድ ቀን ጨዋታ። ከዚህ በላይ ለ13 ዓመት ልጅ አያስፈልግም። ሰዓቱ 90 ደቂቃ። አንድ ማክሰኞ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። 22 ልጅ፣ 8 ኳስ።

10፡30 ላይ የመጀመሪያዎቹ ይደርሳሉ። ቁሙና ጠብቁ አትበሏቸው። ስድስት ልጅ ከመጣ 3 ለ3 ይጀምሩ። የዘገየው በመጣበት ይገባል። ልጁ ከትምህርት ቤት ወንበር ተነስቶ ነው የመጣው፣ ኳስ ነው ያማረው።

10፡45 ላይ ማሟሟቂያ። እኔ የምጠቀመው የፊፋ 11+ የሚባለውን ነው። 15 እንቅስቃሴ አለው፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ለ8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ለ10 ደቂቃ የጉልበት፣ የሚዛንና የዝላይ እንቅስቃሴ፣ ለ2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ለ14 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው የተሠራው፤ ለትንንሾቹ የልጆች የሚባል ለብቻው አለ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በትክክል የሠሩ ቡድኖች ጉዳታቸው በግልጽ ቀንሷል። ዋናው "በትክክል" የሚለው ነው። ሲዘል በሁለት እግሩ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይረፍ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከገባ አስቁሙትና አሳዩት።

11፡05 ላይ ስምንት በስምንት እርምጃ የሆነ አራት ማዕዘን። አራት ልጅ ዳር፣ ሁለት መሐል። ዳር ያሉት ይቀባበላሉ፣ መሐል ያሉት ይቀማሉ። መጀመሪያ ኳስ መንካት ያለ ገደብ፣ ቀጥሎ ሁለት ንክኪ። እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኳሱ ሳይደርሰው ዞር ብሎ አየ? ያየውን ልጅ በስሙ ጠርቼ አመሰግናለሁ። ያላየውን አልቆጣም። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ማየት ይጀምራሉ፣ እናንተ ምንም ሳትሉ።

11፡25 ላይ 4 ለ4፣ አራት ትንንሽ ጎል ያለው። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጎል ያጠቃል፣ ሁለት ይጠብቃል። አንዱ ጎል ሲዘጋ ሌላው ክፍት ነው፤ ልጁ ቀና ብሎ እንዲፈልገው የግድ ይለዋል። የቀሩት ልጆች ጎን ላይ ሌላ ጨዋታ ይኖራቸዋል። ተራ እየጠበቀ የሚቆም ልጅ አይኑር። ረጅም ሰልፍ ሠርቶ አንድ በአንድ ጎል መምታት ሥልጠና አይደለም፤ ልጁ ከ20 ደቂቃ ውስጥ 18ቱን ቆሞ ነው የሚያሳልፈው።

11፡45 ላይ ነፃ ጨዋታ። ፊሽካ የለም፣ ምክር የለም። የራሳቸው ነው።

12 ሰዓት ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሁለት ደቂቃ። እኔ አላወራም፣ እጠይቃለሁ። "ዛሬ ምን ቸገረህ?" መልሱን ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ሳይጨልም ወደ ቤት።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዶ የሚሠራ ልጅ ላይ አትጩኹ። "ስጥ! ስጥ!" የሚል ድምፅ በየሜዳው ይሰማል። በ12 ዓመቱ አብዶ የከለከላችሁት ልጅ በ19 ዓመቱ አንድ ተከላካይ ማለፍ አይችልም። መቼ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚያልፍ በ15 ዓመቱ ይማራል። አሁን ይሞክር፣ ይነጠቅ፣ ደግሞ ይሞክር።

ቴስታን፣ ኳስ በጭንቅላት መምታትን፣ በተመለከተ ከ12 ዓመት በታች አላሠራም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም በ2020 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ልጆች በሥልጠና ላይ ቴስታ እንዳይሠሩ መመሪያ አውጥቷል።

ክረምት ሲገባ ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ጭቃ ነው። ልጆቹ ደግሞ ትምህርት የላቸውም፣ ጊዜ ሞልቷቸዋል። አዳራሽ ወይም ባዶ ክፍል ከትምህርት ቤት ለምኑ። በጠባብ ቦታ 2 ለ2 አጫውቱ፣ የጨዋታ ሕግ አስተምሩ፣ በስልክ ጨዋታ አሳዩና አስቁማችሁ "አሁን ለማን ትሰጣለህ?" በሉ።

5. አካሉ፣ ምግቡ፣ ጾሙ

በየሦስት ወሩ ቁመት ለኩ። ግድግዳ ላይ ምልክት፣ ያለ ጫማ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ወንዶች በአብዛኛው 14 ዓመት አካባቢ በአንዴ ይመዘዛሉ፣ ሴቶች 12 አካባቢ። በሦስት ወር ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ያደገ ልጅ ካለ ምልክት አድርጉበት። ያ ልጅ ለጥቂት ወራት ኳስ ከእግሩ ያመልጠዋል፣ ይደናቀፋል፣ ትናንት የሚችለውን ዛሬ ያቅተዋል። ብዙ አሠልጣኝ "ሰነፈ" ብሎ የሚያወጣው በዚህ ጊዜ ነው። አልሰነፈም። እግሩ ረዘመበት። ዝላይና ፈጣን ሩጫ ቀንሱለት፣ ኳስ አብዙለት፣ ደግሞም ምን እየሆነ እንዳለ ለራሱ ንገሩት። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ተረከዙ ላይ ካመመው በዚህ ዕድሜ የተለመደ የእድገት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ አስርፉት፣ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። "ወንድ ልጅ ቻል" አይባልም።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ምንም ቢለምን። ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ከተደናበረ በቀጥታ ሐኪም ቤት።

ምግብ ላይ ብዙ ሰው ውድ ነገር ይፈልጋል። በሶ አለ። ከሥልጠና አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አንድ ኩባያ በሶ በስኳር ወይም በማር፣ ከሥልጠና በኋላ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ከተገኘ እንቁላል። ውኃ በጄሪካን ሜዳ ላይ ይኑር፣ ሥልጠናው መሐል ላይም ይጠጡ። ባዶ ሆዱን የሚመጣ ልጅ ሁልጊዜ አለ። ታውቁታላችሁ፤ በ30ኛው ደቂቃ ላይ ቁጭ ይላል። በሌሎች ፊት አትጠይቁት። እኛ ሁለት ወላጆች በየተራ በሶ በሁለት ትልቅ ጠርሙስ እያመጡ ለሁሉም ልጅ እኩል እንዲቀዳ አደረግን። ማን እንደራበው ማንም አላወቀም።

ጾም የሚጾሙ ልጆች ብዙ ናቸው። በዐብይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ያልቀመሰ ልጅ 10፡30 ላይ ይመጣል። ጾሙን እንዲተው አትንገሩት፤ ያ የእሱና የቤተሰቡ ነው። እናንተ ሥልጠናውን አስተካክሉ። 9 ሰዓት ላይ ትንሽ ቀምሶ እንዲመጣ ለእናቱ ንገሩ። ሩጫውን ቀንሱ፣ ቅብብሉን አብዙ። በረመዳን ለሚጾሙትም እንዲሁ፤ ውኃ ስለማይጠጡ ሰዓቱን አሳጥሩላቸው፣ ከባድ ሥራ አትስጡ።

6. ጨዋታና ደቂቃ

ሕጋችን አንድ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ቢያንስ ግማሹን ጨዋታ ይጫወታል። ደቂቃውን ረዳቱ ይጽፋል። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። "ሁሉንም አጫውታለሁ" የሚል አሠልጣኝ ሲደመር ሦስት ልጅ ከ20 ደቂቃ በታች እንዳገኙ ያያል። እኔ አይቻለሁ።

ለዋንጫ ብላችሁ ትልልቆቹን ብቻ ካሰለፋችሁ የሰፈር ዋንጫ ታገኛላችሁ፤ ተጫዋች ግን አታወጡም። ወላጅ፣ ደጋፊ፣ አንዳንዴም የክለብ አመራር ውጤት ይጠይቃችኋል። ዓመቱ ሲጀምር ሰብስባችሁ ንገሯቸው፦ የእኛ ውጤት በ18 ዓመቱ ዋናው ቡድን የገባ ልጅ ነው። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ ወጥቶ መጫወት ላይ አትንጠልጠሉ፤ ከተማው ውስጥ ካሉ አራት አምስት ፕሮጀክቶች ጋር በየሁለት ሳምንቱ ወዳጅነት አድርጉ።

ቦታም አቀያይሩ። ተከላካይ ተብሎ የመጣ ልጅ አንድ ወር ክንፍ ላይ ይጫወት። በረኛም ከ13 ዓመት በፊት ቋሚ አይሁን፤ ዛሬ በረኛ በእግሩ ካልተጫወተ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ቦታ የለውም። ጎበዝ የሆነውን ደግሞ አልፎ አልፎ ከትልልቆቹ ጋር አጫውቱት፣ ትንሹን ልጅ ደግሞ በቁመት ከሚመስሉት ጋር። በአካል ብስለት መመደብ በእንግሊዝ አካዳሚዎችም ይሠራበታል። ትልቁ ልጅ ጉልበቱ ሲቀርበት ማሰብ ይጀምራል፤ ትንሹም የሚችለውን ለማሳየት ዕድል ያገኛል።

7. ትምህርትና ቤተሰብ

ከምትይዟቸው 24 ልጆች አብዛኞቹ ተጫዋች አይሆኑም። ይህን ደብቃችሁ አትያዙ። ስለዚህ ትምህርታቸው የእናንተም ጉዳይ ነው። በየመንፈቁ የውጤት ካርድ ይምጣ። ውጤቱ የወረደ ልጅ ከኳስ አይባረር፤ ያ ቅጣት ሁለቱንም ያሳጣዋል። ይልቅ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት 30 ደቂቃ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስጠኑ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ሥልጠና በሳምንት አንድ ቀን ይሁን።

ቤት ድረስ ሂዱ። በስልክ አይበቃም። ቡና ተፈልቶ ተቀምጣችሁ ስታወሩ ነው ልጁ ለምን ሐሙስ ሐሙስ እንደሚቀር የምታውቁት። አንዱ እናቱን ገበያ ያግዛል፣ አንዱ ወንድሙን ይጠብቃል።

ሴት ልጆች ካሉ፣ እንዲኖሩም ጥረት አድርጉ፣ ይህ ጉብኝት በእጥፍ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ማን እንደሚያሠለጥናት፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለስ፣ ከማን ጋር እንደምትመጣ ማወቅ ይፈልጋል፤ ልክ ነው። ሴት ረዳት ፈልጉ። ዩኒቨርሲቲያችን የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አሉት፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። የጉልበት ጅማት መበጠስ ሴቶችን የበለጠ ስለሚያጠቃ 11+ን ለእነሱ አንድ ቀን እንኳን አትዝለሉ።

የልጆች ደኅንነት ላይ ድርድር የለም። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ዝግ ቦታ ብቻውን አይሆንም። ጉዞ ካለ ሁለት አዋቂ፣ የወላጅ ፊርማ። ልጅ አይመታም፣ አይሰደብም።

8. ደላላው ሲመጣ

ልጁ 15 ሲሞላው የማታውቁት ሰው ሜዳ ዳር ይቆማል። ለወላጁ "ውጭ እወስደዋለሁ፣ ለፕሮሰስ ይህን ያህል ክፈሉ" ይላል። በሬ የሸጠ አባት አውቃለሁ። ልጁ የትም አልሄደም።

ለወላጆች ሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ንገሩ። በፊፋ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ወደ ሌላ አገር አይዛወርም፤ የተለዩት ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፣ ለምሳሌ ወላጆቹ በኳስ ምክንያት ሳይሆን በራሳቸው ጉዳይ አገር ከቀየሩ። ወኪል የሚባለውም ሰው የፊፋን ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣ መሆን አለበት። እውነተኛ ክለብ ለሙከራ ልጅ ሲጠራ በክለቡና በፌዴሬሽኑ በኩል ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከወላጅ ገንዘብ አይሰበስብም።

9. ልጁ ሲሄድ ክለቡ እንዳይቀር

ትንሽ ክለብ ልጁን ይዞ አያስቀርም። መሄዱ ጥሩ ነው። የሴኔጋሉ ጄኔራሲዮን ፉት ከፈረንሳዩ ሜትስ ጋር ተስማምቶ ልጆቹን በዚያ መንገድ ያወጣል፤ ሳዲዮ ማኔ በዚያ በር ነው ያለፈው። እናንተም ከላይ ካለ ክለብ ጋር፣ የተስፋ ቡድን ካለው፣ በወረቀት ተስማሙ። በቃል አይሆንም። ልጁ ሲሄድ ለእናንተ ምን ይመለሳል? ኳስ? የሥልጠና ወጪ? ሲሸጥ ድርሻ? ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ይረፍበት።

ልጁ ከአገር ከወጣ ደግሞ የፊፋ ሕግ ከጎናችሁ ነው። አቡበከር ናስር በ2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደሄደው ያለ ዝውውር ሲኖር ሁለት ዓይነት ክፍያ ሊመጣ ይችላል።

የመጀመሪያው የሥልጠና ካሳ ነው። ተጫዋቹ 23 ዓመት የሚሞላበት ዓመት ሳያልቅ ውጭ አገር የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም፣ ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ባለው ጊዜ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፈላል።

ሁለተኛው የትብብር ክፍያ ነው። ከዝውውር ሒሳቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። 12 ዓመት ከሞላበት እስከ 15 እስከሞላበት ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ። በቁጥር እንየው። ልጁን ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ይዛችሁት ነበር። ኋላ በ500,000 ዶላር ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ተዛወረ። ከ12 እስከ 15 ያሉት አራቱ ዓመታት 1 በመቶ፣ 16 እና 17 ሁለቱ 1 በመቶ፣ በድምሩ 2 በመቶ። 10,000 ዶላር። ለሰፈር ክለብ ይህ የስንት ዓመት ኳስና በሶ እንደሆነ አስሉት።

ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊፋ ይህን ገንዘብ የሚያከፋፍለው ክሊሪንግ ሃውስ በሚባል ማዕከል ነው። ማዕከሉ የሚያየው የተጫዋቹን ፓስፖርት ነው፤ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳይ ሰነድ። እዚያ ላይ ስማችሁ ከሌለ ስድስት ዓመት ያበላችሁት፣ ያሠለጠናችሁት፣ ጉልበቱ ሲያመው ያሳረፋችሁት ልጅ ለሕጉ የእናንተ አልነበረም። የክለቡ የባንክ ሒሳብም በክለቡ ስም መሆን አለበት።

ስለዚህ ክለባችሁን በከተማውና በክልሉ ፌዴሬሽን አስመዝግቡ። ልጁ 12 ዓመት ከሞላበት የውድድር ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ስሙን ወደ ፌዴሬሽኑ ላኩ፣ የተቀበሉበትን ደብዳቤ ቅጂ ያዙ፣ ደብተሩ ላይ በልጁ ገጽ ለጥፉት። ልጁ ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ የመልቀቂያውን ቀን ጻፉ። ደብተሩን ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሱና ለሁለት ሰው ላኩ። የእኔ የመጀመሪያው ደብተር በአንድ የሐምሌ ዝናብ ረጥቦ የ11 ልጆች ገጽ ጠፋብኝ። የአራቱን ገጽ ከወላጆቻቸው ጠይቄ እንደገና ጻፍኩት። የሰባቱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።